ልጅ ሲዘገይ ለምን እሷ ብቻ ትመረመራለች?

ሰርጉ ካለፈ ስድስት ወር ሳይሞላ ጥያቄው ይጀምራል። መጀመሪያ ላይ በሳቅ ነው፤ "እናንተ ልጆች ምን ትጠብቃላችሁ?"፣ "የልጅ ልጅ ሳልስም ልሙት እንዴ?"። ዓመት ሲያልፍ ሳቁ ይቀንሳል። ሁለት ዓመት ሲሆን ደግሞ ጥያቄው ለሁለቱ መቅረቡ ይቀርና ወደ አንዷ ይዞራል። አማት ዝም ብለው ሆዷን ያያሉ። ጎረቤት "ማህፀንሽን ብርድ መትቶት ይሆናል" ትላለች። አክስት ደግሞ የምታውቀው መድኃኒት አዋቂ አለ።

እሷም ትሮጣለች። አልትራሳውንድ ትነሳለች፣ ለሆርሞን ምርመራ ደም ትሰጣለች፣ ኪኒን ትውጣለች፣ አንዱ ክሊኒክ አልሆን ሲል ሌላው ጋ ትሄዳለች። የዕቁቡ ብር በዚሁ ያልቃል። ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ሐኪም ቀና ብሎ "ባለቤትሽስ ተመርምሯል?" ይላታል።

"አይ፣ እሱ ጤነኛ ነው።"

"በምን አወቃችሁ?"

መልስ የለም።

ይሄ የአንድ ሰው ታሪክ አይደለም፤ ስሙን እየቀየረ በየቤቱ ያለ ነው። ስለዚህ ዛሬ ልጅ እንዲዘገይ የሚያደርጉት ነገሮች ምን ምን እንደሆኑ እናያለን። የምንጀምረው ግን ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ከሚታሰበው፣ በጣም ቀላል ከሆነው ምርመራ ነው፤ ከእሱ።

ከዚያ በፊት አንድ ነገር እናጥራ።

መቼ ነው "ዘገየ" የሚባለው?

የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ግልጽ ነው። መከላከያ ሳይጠቀሙ፣ በመደበኛነት ግንኙነት እያደረጉ 12 ወር አልፎ እርግዝና ካልመጣ ምርመራ ያስፈልጋል። ለምን ዓመት ተባለ? ሁለቱም ወጣትና ጤነኛ ሆነው እንኳ በአንድ ወር ውስጥ የመፀነስ ዕድላቸው ቢበዛ ከአራት አንድ ስለሆነ ነው። በዓመቱ ውስጥ ግን ከ100 ጥንዶች 80ና ከዚያ በላይ የሚሆኑት ይሳካላቸዋል። ስለዚህ በአራተኛው ወር የደነገጠ ሰው ትንሽ ቸኩሏል።

ዓመት የማይጠበቅበትም ጊዜ አለ። እሷ 35 ካለፋት ስድስት ወር ይበቃል፤ 40 ከደረሰች ሐሳቡ እንደመጣ መሄድ ነው። የወር አበባዋ እየጠፋ የሚመጣ ከሆነ፣ ከዚህ በፊት ከባድ የማህፀን ኢንፌክሽን ወይም የሆድ ቀዶ ጥገና ከነበረ፣ እሱ ደግሞ በልጅነቱ የዘር ፍሬው ሳይወርድ ቀርቶ ወይም በዚያ አካባቢ ተጎድቶ ከሆነ መጠበቁ ጊዜ ማባከን ነው።

"እኛ ላይ ብቻ ለምን?" ለምትሉ ደግሞ፣ ይኸው ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከስድስት አዋቂ ሰዎች አንዱ በሕይወት ዘመኑ ይሄ ችግር ያጋጥመዋል ብሏል። 12 ሰው የጫነ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ሁለት ሰው ማለት ነው። ስለማይወራ ነው የማይታወቀው።

ከእሱ እንጀምር

ችግሩ ከወንዱ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ከሴቷ ብቻ የሚሆንበት አለ፤ ከሁለቱም የሚሆንበት አለ። ወንዱ ብቻውንም ሆነ ከእሷ ጋር ተደምሮ ድርሻ የሚኖረው ወደ ግማሽ በሚጠጉት ጥንዶች ላይ ነው። ግማሽ! እና እሷን ብቻ መመርመር ማለት ቁልፍ ጠፍቶባችሁ ከሁለት ክፍል አንዱን ብቻ ሦስት ዓመት እንደ መፈለግ ነው።

"እኔኮ ምንም አልጎደለብኝም" የሚለው መልስ ከየት እንደሚመጣ እናውቃለን። ብዙ ወንድ የአልጋ ላይ ብቃትንና የመውለድ አቅምን አንድ አድርጎ ያያቸዋል። ሁለቱ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የዘር ፈሳሹ አብዛኛው ክፍል ከሌሎች ዕጢዎች የሚመጣ ነው፤ ስፐርም ራሱ ከፈሳሹ 5 በመቶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ አንድም ስፐርም የሌለው ሰው ፈሳሹን በዓይኑ አይቶ ልዩነቱን ሊያውቅ አይችልም። የሚያውቀው ማይክሮስኮፕ ብቻ ነው። "ከዚህ በፊት ወልጄ አውቃለሁ" የሚለውም ማስረጃ አይሆንም፤ ከአምስት ዓመት በፊት የነበረው የዛሬው ላይሆን ይችላል።

ምርመራው ይኸውላችሁ። ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት መታቀብ፣ ከዚያ ናሙና መስጠት፣ በቃ። መርፌ የለም፣ ኦፕራሲዮን የለም፣ ሕመም የለም። የሚያስቸግረው ቦታው ነው። አንዳንድ ላብራቶሪ ለዚህ የሚሆን ክፍል ስለሌለው ብልቃጡን ሰጥቶ ወደ ሽንት ቤት ያመለክታል፤ ይሄ ወንዱን የሚያሸሽ ነገር እንደሆነ እኛም እንቀበላለን። እንዲህ ከሆነ ቤት ውስጥ ተወስዶ ሊመጣ ይችል እንደሆነ ላብራቶሪውን ጠይቁ። ከተፈቀደ ብልቃጡን ከሰውነት ጋር አስጠግቶ፣ ብርድ ሳይነካው በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ቢቻል ደግሞ ከዚያም በፊት ማድረስ ነው። በተራ ኮንዶም መሰብሰብ ግን አይሆንም፤ ያለበት ቅባት ስፐርሙን ይጎዳዋል።

ውጤቱ ሲመጣ ቁጥሮች ታያላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ዝቅተኛው መነሻ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ስፐርም፣ በጠቅላላው ፈሳሽ 39 ሚሊዮን፣ ከእነዚህ የሚንቀሳቀሱት ደግሞ 42 በመቶ ነው። ከዚህ በታች ሆኖ የወለደ አለ፤ ከዚህ በላይ ሆኖ የተቸገረም አለ። ቁጥሩ ፍርድ ሳይሆን ምልክት ነው።

አንድ መጥፎ ውጤት አይቶ ዓለም ተደፋብኝ ማለትም አያስፈልግም። ስፐርም ተመርቶ ለመውጣት ሁለት ወር ተኩል አካባቢ ይፈጅበታል። ስለዚህ ዛሬ የታየው ናሙና የሚናገረው ስለ ባለፉት ወራት ነው። ከሁለት ወር በፊት በወባ ወይም በታይፎይድ ከፍተኛ ትኩሳት ይዞት ከነበረ ቁጥሩ ወርዶ ሊገኝ ይችላል። ለዚህ ነው ሐኪሞች ከጊዜ በኋላ እንዲደገም የሚያዙት። ታይፎይዱን ለሐኪሙ ንገሩት፣ ካልጠየቀ አያውቅም።

እሺ፣ ምንድነው ስፐርምን የሚቀንሰው? ከተለመዱት አንዱ ቬሪኮሲል የሚባለው ነው፤ በዘር ከረጢቱ ውስጥ ያሉ ደም መላሽ ሥሮች ያብጡና አካባቢውን ያሞቁታል። ከ100 ወንዶች በ15ቱ አካባቢ ይገኛል፤ ልጅ በዘገየባቸው ወንዶች ዘንድ ደግሞ ቁጥሩ ከዚህ በጣም ይበልጣል። ብዙ ጊዜ አያምም። ሁሉም ቬሪኮሲል ችግር ያመጣል ማለት ባይሆንም ችግር ካመጣ በቀዶ ጥገና የሚስተካከል ነው።

ሙቀት ራሱ ጠላት ነው። የዘር ፍሬዎች ከሰውነት ውጭ የተንጠለጠሉት ከሰውነት ሙቀት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ዝቅ ያለ ሙቀት ስለሚፈልጉ ነው። ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ የሚያመሽ፣ ሳውና የሚያዘወትር፣ ቀኑን ሙሉ ሞተር ላይ ተቀምጦ የሚነዳ ሰው ቢያስብበት ይሻላል። በልጅነት ያልወረደ የዘር ፍሬም የሚጎዳው በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው፤ ወንድ ልጅ ያላችሁ ዓመት ሳይሞላው አስመርምሩት። ጆሮ ደግፍም አለ። ልጅ እያሉ ሲይዝ ቀላል ነው፤ ከጉርምስና በኋላ ሲይዝ ግን አንዳንዴ ወደ ዘር ፍሬ ወርዶ ጉዳት ያደርሳል።

ሲጋራ ስፐርምን እንደሚጎዳ የታወቀ ነው፤ ከመጠን ያለፈ አልኮልም እንደዚሁ። ጫትን በተመለከተ በየመን በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራ ጥናት ለረዥም ጊዜ በሚቅሙ ወንዶች ላይ የስፐርም ቁጥርም እንቅስቃሴም ዝቅ ብሎ አግኝቷል። አንድ ጥናት ሁሉን አይወስንም፤ ግን ልጅ እየፈለገ በየቀኑ የሚቅም ሰው ለሦስት ወር ቢያቆም ምን ይጎዳል?

ጂም የምትሠሩ ወንድሞች ይህን በደንብ አንብቡት። ጡንቻ ለማሳበጥ የሚወጋው ቴስቶስትሮንና የመሳሰለው ስቴሮይድ የስፐርም ምርትን ያስቆማል። ነገሩ ግራ የሚያጋባ ይመስላል፤ የወንድነት ሆርሞን እየጨመረ እንዴት ወንዱ መካን ይሆናል? አንጎል ደም ውስጥ ያለውን ብዛት አይቶ "በቂ አለ" ይልና ለዘር ፍሬዎቹ ትዕዛዝ መላክ ያቆማል። ካቆሙት በኋላ ብዙዎች ይመለሳሉ፤ ግን ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል።

ኬሚካልም አለ። በ1977 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ዲቢሲፒ የተባለ ፀረ ተባይ የሚያመርቱ ሠራተኞች እርስ በርስ ሲያወሩ፣ አብዛኞቻቸው ልጅ መውለድ እንዳቃታቸው ያስተውላሉ። ሲመረመሩ ብዙዎቹ የስፐርማቸው ቁጥር በጣም ወርዶ ወይም ጨርሶ ጠፍቶ ተገኘ። ጸረ ተባይ ያለ ጓንትና ያለ ጭንብል የሚረጭ የገበሬ ልጅ ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው።

ስፐርም ጨርሶ ባይገኝስ? እሱም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እየተመረተ መውጫው የተዘጋበት ነው፤ ለምሳሌ ባልታከመ ጨብጥ ምክንያት። ሌላው ምርቱ ራሱ የቆመበት ነው። የመጀመሪያው ከሆነ ስፐርሙን በመርፌ ከዘር ፍሬው አውጥቶ አንዱን ብቻ እንቁላል ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ይህ ዘዴ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፤ በቤልጂየም ብራስልስ የተጀመረ።

ዝም ብሎ የሚዘጋው ቱቦ

አሁን ወደ እሷ እንምጣ። እንቁላልና ስፐርም የሚገናኙት ብዙ ሰው እንደሚያስበው ማህፀን ውስጥ አይደለም፤ ከማህፀን ግራና ቀኝ በሚወጡት ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ነው። ቱቦው ከተዘጋ ወይም ከተጣበቀ መንገዱ ተዘጋ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በብዙ አገሮች ባስጠናው ጥናት፣ ከሰሃራ በታች ባሉ የአፍሪካ አገሮች ከሌላው ዓለም ጎልቶ የታየው ይሄው ከኢንፌክሽን የመጣ የቱቦ ጉዳት ነበር።

ኢንፌክሽኑ ከየት ይመጣል? ግንባር ቀደሞቹ ክላሚዲያና ጨብጥ ናቸው። ክላሚዲያ በተለይ ተንኮለኛ ነው፤ አብዛኞቹ ሴቶች ምንም ምልክት አያዩም። ፈሳሽ የለም፣ ሕመም የለም፣ ማሳከክ የለም። ውስጥ ለውስጥ ግን ቱቦውን ያቆስላል፤ ቁስሉ ሲድን ጠባሳ ይጥላል። በአገራችን ጤና ጣቢያዎች የአባላዘር በሽታ በአብዛኛው የሚታከመው በምልክት ነው፤ ምልክት የሌላት ሴት ደግሞ አትሄድም፣ ብትሄድም አትገኝም። አንቲባዮቲክ ጀርሙን ይገድላል፤ የጣለውን ጠባሳ ግን አያነሳም። ለዚህ ነው ቶሎ መታከሙ ዋናው ነገር የሚሆነው።

በስዊድን ሉንድ ከተማ የዚህ ዓይነት የቱቦና የማህፀን ኢንፌክሽን የያዛቸውን ሴቶች ለዓመታት የተከታተለ ጥናት አለ። አንዴ ብቻ ከያዛቸው 8 በመቶዎቹ፣ ሁለቴ ከያዛቸው 20 በመቶ ያህሉ፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ከያዛቸው ደግሞ 40 በመቶዎቹ ቱቦአቸው ተጎድቶ መውለድ ተቸግረዋል። በየጊዜው እጥፍ እየሆነ ሲሄድ ታያላችሁ። እና ለምን ይደጋገማል? ብዙ ጊዜ እሷ ታክማ እሱ ስለማይታከም ነው። እሷ መድኃኒቷን ጨርሳ ትድናለች፣ ማታ ተመልሳ ከእሱ ትወስዳለች። ወይም እሱ ፋርማሲ ጎራ ብሎ ሦስት ፍሬ ገዝቶ ይውጥና ለእሷ ሳይነግራት ያልፋል። ደብቆ መታከም የትዳርን ሰላም የሚጠብቅ ይመስላል፤ ዋጋውን የምትከፍለው ግን ቱቦዋ ነው።

ሌላው መንገድ ንጽሕና በጎደለው ሁኔታ የተደረገ ውርጃ ወይም ከወሊድ በኋላ የተከሰተ ኢንፌክሽን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሴቶች በልባቸው ይዘውት የሚኖሩት ፍርሃት አለ፤ "ያኔ ስላስወረድኩ ነው አሁን የተቀጣሁት" የሚል። በጤና ተቋም፣ በሰለጠነ ባለሙያ በትክክል የተደረገ ውርጃ መካን አያደርግም። የሚጎዳው በድብቅና በቆሻሻ መሣሪያ የተደረገው፣ ከዚያም ትኩሳት እያላት ፈርታ ቤቷ የተኛችበት ነው። የኋላ ታሪካችሁን ለሐኪሙ ንገሩት፣ ባልና አማት በሌሉበት ለብቻ ለመነጋገርም መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ቲቢም አለ። አዎ፣ የሳንባው ቲቢ። ኢትዮጵያ ቲቢ ከሚበዛባቸው አገሮች አንዷ ናት፤ ጀርሙ ደግሞ ከሳንባ ተነስቶ በደም ወደ ቱቦና ማህፀን ሊሄድ ይችላል፤ አንዳንዴ ሳል እንኳ ሳይኖር።

ቱቦው ክፍት መሆኑ በተራ አልትራሳውንድ አይታወቅም። "አልትራሳውንድ ተነስቼ ደህና ነሽ ተብያለሁ" ማለት ቱቦዬ ክፍት ነው ማለት አይደለም። የሚታወቀው ኤች ኤስ ጂ በሚባለው የራጅ ምርመራ ነው፤ የወር አበባው ካበቃ በኋላ ባሉት ቀናት በማህፀን በኩል ቀለም ያለው ፈሳሽ እየገባ ፎቶ ይነሳል። እንደ ወር አበባ ቁርጠት ያለ ሕመም አለው፣ አንዳንዷን ጠንከር ይልባታል። ቱቦ የተጎዳባት ሴት ካረገዘች ደግሞ እርግዝናው ቱቦው ውስጥ የመቅረት ዕድሉ ከፍ ይላል። የወር አበባ ቀርቶ በአንድ ጎን ከባድ ሕመም፣ ደም መፍሰስ ወይም ራስ መሳት ካለ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው፤ እስከ ነገ አይቆይም።

እንቁላሉ ሳይወጣ ሲቀር

የወር አበባ በየ28 ቀኑ፣ በየ30 ቀኑ እየመጣ ከሆነ እንቁላል በየወሩ እየወጣ ነው ብሎ መገመት ይቻላል። በሁለት ወር፣ በሦስት ወር አንዴ የሚመጣ ከሆነ ግን እንቁላሉ በአግባቡ እየወጣ አይደለም። ዋናው ምክንያት ፒሲኦኤስ የሚባለው የሆርሞን መዛባት ነው፤ በመውለድ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከ8 እስከ 13 በመቶ የሚሆኑት አለባቸው ይላል የዓለም ጤና ድርጅት፤ አብዛኞቹም እንዳለባቸው አያውቁም። የተዘበራረቀ የወር አበባ፣ አገጭና ሆድ ላይ ፀጉር፣ የማይለቅ ብጉር፣ ክብደት መጨመር ምልክቶቹ ናቸው። ቀጭን ሆናም ሊኖርባት ይችላል። መልካሙ ዜና፣ በኪኒን ከሚታከሙት መሐል ዋናው ይሄ መሆኑ ነው። ክብደት ላለባት ደግሞ ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ብቻውን እንቁላሉን የሚመልስበት ጊዜ አለ።

እንቅርትም (የታይሮይድ መዛባት) የወር አበባን ያዛባል። ሳትወልድ ከጡቷ ወተት የሚመስል ፈሳሽ የሚወጣት ሴት ፕሮላክቲን የሚባለውን ሆርሞን ትለካ። በጣም መክሳትም በጣም መወፈርም እንቁላሉን ያስቀራሉ።

እዚህ ላይ አንድ የምንቃወመው ነገር አለ፤ ክሎሚድን እንደ ፓናዶል ከጓደኛ መቀባበል። "እኔ በእሱ ነው ያረገዝኩት፣ ውሰጂ።" የእሷ ችግር እንቁላል ነበር፤ ያንቺ ቱቦ ቢሆንስ? የባልሽ ስፐርም ቢሆንስ? ያኔ መቶ ኪኒን ብትውጪ ምንም አያመጣም፤ ከዚያ ይልቅ መንታ የመፀነስ ዕድልን መጨመርና እንቁላል ማፍሪያን ማሳበጥ አለው። ሐኪም አይቶ፣ በአልትራሳውንድ እየተከታተለ የሚሰጥ ነው።

ማህፀንን በተመለከተ ባጭሩ እንለፍ። ማዮማ ብዙ ሴት ላይ ይገኛል፤ ሁሉም አያመክንም፣ ችግር የሚያመጣው ወደ ማህፀን ክፍተት ገፍቶ የገባው ነው። ማህፀን ከተጠረገ በኋላ ግድግዳው እርስ በርስ ሊጣበቅ ይችላል፤ የወር አበባዋ ከዚያ ወዲህ በጣም ያነሰባት ሴት ይህንን ታስብ። ኢንዶሜትሪዮሲስ ደግሞ የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ የሚበቅልበት በሽታ ነው፤ ከአሥር ሴቶች አንዷ ላይ ይገኛል። ምልክቱ በወር አበባ ጊዜ ከሥራና ከትምህርት የሚያስቀር ከባድ ሕመም ነው። "ስትወልጂ ይተውሻል" እየተባለ ዓመታት የሚያልፉት በዚህ ነው።

ሾተላይስ? እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። የእናትየው የደም ዓይነት ኔጌቲቭ፣ የፅንሱ ፖዘቲቭ ሲሆን በሚቀጥሉት እርግዝናዎች ፅንሱን ይጎዳል እንጂ መፀነስን አይከለክልም። በመርፌ ይከላከሉታል።

መከላከያው ነው እንዴ?

ይሄን ጥያቄ ሳንሰማ የዋልንበት ቀን የለም። ኪኒን፣ ሉፕ፣ ክንድ ላይ የሚቀበረው፣ ፖስት ፒልም ቢሆን መካን አያደርጉም። ሲያቆሙት የመፀነስ አቅም ይመለሳል። የሦስት ወሩ መርፌ ግን ለየት ይላል፤ እሱም አያመክንም፣ ግን ያዘገያል። ከመጨረሻው መርፌ በኋላ እርግዝና እስኪመጣ በአማካይ 10 ወር አካባቢ ይፈጃል፣ አንዳንዷ ከዚያም ትቆያለች። በአገራችን በብዛት የሚወሰደው መከላከያ ይሄው መርፌ ስለሆነ ስንቱ ቤት "መርፌው አመከናት" ተብሎ የተጣላው በዚህ የወራት መዘግየት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ልጅ የምታስቡ ከሆነ ከአሁኑ ወደ ሌላ ዓይነት ስለመቀየር ባለሙያ አማክሩ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ በሽታ ያልሆነ ምክንያት አለ፤ አብሮ አለመሆን። እንቁላል ከወጣ በኋላ የሚቆየው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ነው። ስፐርም ግን በሴቷ ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በወር ውስጥ መፀነስ የሚቻልባቸው ቀናት ስድስት ያህል ናቸው፤ እንቁላሉ ከመውጣቱ በፊት ያሉት አምስቱና የወጣበት ቀን። የወር አበባዋ በየ28 ቀኑ ከሆነ እንቁላሉ በ14ኛው ቀን አካባቢ ይወጣል፤ በየ35 ቀኑ ከሆነ ግን ወደ 21ኛው ቀን ይሄዳል። ስልካችሁ ላይ ያለው አፕ ይህን የሚገምተው ካለፈው ወር ተነስቶ ነው፤ ወሯ ለሚዘበራረቅባት ሴት ግምቱ ብዙም አይረዳም። በየሁለት በየሦስት ቀኑ መገናኘት ከአፑም ከጭንቀቱም ይሻላል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። እሱ ረዥም መንገድ የሚሄድ ሾፌር ነው፣ ወይም እሷ ዱባይ ናት፣ ወይም አንዱ ለሥራ ሌላ ክልል ተመድቧል። በዓመት ሁለት ወር ብቻ አብረው ከሆኑ በሦስት ዓመት ውስጥ የሞከሩት ስድስት ወር ነው። የሰፈሩ ሰው "ሦስት ዓመት ሆናቸው" ይላል፤ እንቁላሏ ግን የሚያውቀው ስድስቱን ወር ብቻ ነው። ግንኙነት ራሱ የማይሳካላቸው ጥንዶችም አሉ፤ በሕመም፣ በፍርሃት ወይም በስኳር በሽታ ምክንያት። አፍረው ለሐኪሙ ሳይናገሩ ሁሉንም ምርመራ ይጨርሳሉ፣ ሁሉም ደህና ይባላል።

ዕድሜን መዝለል አንችልም። ሴት ልጅ ስትወለድ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊዮን እንቁላል ይዛ ትወለዳለች፤ ከዚያ በኋላ አይጨመርም፣ ይቀንሳል እንጂ። ከ35 በኋላ ቁጥሩም ጥራቱም በፍጥነት ይወርዳል። ይህን የምንለው ማንንም ለማስፈራራት ሳይሆን፣ ሁለት ዓመት ባልተመረመረ ባል፣ ሁለት ዓመት በመድኃኒት አዋቂ የሚያልፈው ጊዜ ከእሷ ላይ የሚቆረጥ ስለሆነ ነው።

ሁሉ ነገር ታይቶ ምክንያቱ የማይገኝበትም አለ። ያ ማለት ተስፋ የለም ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ ቆይተው በራሳቸው ወይም በትንሽ ሕክምና ይፀንሳሉ። ከሰውነት ውጭ ማስፀነስ የሚባለው ሕክምናም አገር ውስጥ ገብቷል። አዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በመንግሥት ደረጃ የመጀመሪያው ማዕከል በ2011 ዓ.ም. ተከፍቷል፣ የግሎችም አሉ። ውድ ነው፣ ወረፋ አለው፣ በአንድ ሙከራም ለሁሉም አይሳካም። ከዚያ የሚደረሰው ግን ቀላሎቹ ምርመራዎች ካለቁ በኋላ ነው።

ጸበል የሚሄድ ይሂድ፣ ዱዓ የሚያስደርግም ያስደርግ፤ ከላብራቶሪ ጋር አይጣሉም። የምንጠላው በቲክቶክና በቴሌግራም "መካንነትን በ21 ቀን እናድናለን" እያሉ ያልታወቀ ሥር በጠርሙስ የሚሸጡትን ነው። ምንም ሳይመረምሩ ምን እንደሚያድኑ በምን አወቁ?

እና ከየት እንጀምር? አንድ ቀን ሁለታችሁም አብራችሁ ሂዱ። እሱ የስፐርም ምርመራውን በመጀመሪያው ሳምንት ይስጥ። እሷ ያለፉትን ስድስት ወራት የወር አበባ ቀኖች ስልኳ ላይ ጽፋ ትያዝ፤ የታይሮይድና የፕሮላክቲን ምርመራ፣ አልትራሳውንድ፣ ካስፈለገ ኤች ኤስ ጂ ይከተላሉ። ዋጋው ከቦታ ቦታ በጣም ስለሚለያይ ደውላችሁ አጣሩ። የምታገኙትን እያንዳንዱን የውጤት ወረቀት ደግሞ ቀኑ እንዲታይ አድርጋችሁ በስልክ ፎቶ አንሱት። ሌላ ሐኪም ጋ ስትሄዱ ካላሳያችሁ ከዜሮ ጀምሮ ያስደግማችኋል፤ ብሩም ጊዜውም የሚሄደው እዚያ ላይ ነው።